ፍቅር የሆነ አምላክ ስለ ምን ጉድለት ያለበትን ዓለም ፈጠረ?

ሰው ሁሉ በልቡ የሚያመላልሰው፤ በአፉ አውጥቶ ለመናገር ግን የሚፈራው አንድ ጥያቄ አለ። እግዚአብሔር ቸር ከሆነ ክፉውን አይወድም፤ ሁሉን ቻይ ከሆነም ክፉውን ማራቅ አይሳነውም፤ እንግዲያስ ረኃብና ቸነፈር፤ የሕፃን ሞትና የእናት ልቅሶ ከወዴት መጡ? ይህን የሚጠይቅ ሁሉ ከሓዲ አይደለም። ጻድቁ ኢዮብ ጠይቆታል፤ ነቢዩ ዕንባቆምም ጠይቆታል፤ ስለ ጠየቁም ከጻድቃን መዝገብ አልተፋቁም። ስለዚህ ጥያቄውን በቁጣ ከመዝጋት ይልቅ በትዕግሥት መመርመር የሚሻል ይመስለናል።

ነገሩ እንዲያው በቃል ብቻ እንዳይቀር በአገራችን ከሆነው አንዱን እናንሣ። ከ1880 እስከ 1884 ዓ.ም. ድረስ የነበረው ዘመን እስከ ዛሬ ክፉ ቀን እየተባለ ይጠራል። በምጽዋ በኩል ከባሕር ማዶ ከመጡ ከብቶች ጋር አንድ በሽታ ገብቶ ከሰሜን እስከ ደቡብ ተስፋፋ፤ ከአሥሩ ከብት ዘጠኙን ያህል እንደ ፈጀ የታሪክ ጸሓፊዎች ይገምታሉ። በሬ ባለቀ ጊዜ እርሻ ቆመ፤ በዚያም ላይ ድርቅና አንበጣ ታከለበት፤ ከሕዝቡም ሢሶው ያህል እንዳለቀ ይነገራል። ያን የከብት በሽታ ያገራችን ሰው ደስታ ብሎ ይጠራዋል። ክፉውን በክፉ ስሙ መጥራት ስለሚያስፈራ ይመስላል፤ ሰሙ ደስታ፤ ወርቁ ሐዘን የሆነ ስም ነው። እንግዲህ ጥያቄያችን ይህ ነው፤ ደስታ የተባለውን ይህን ሐዘን ፍቅር የሆነ አምላክ ስለ ምን በዓለሙ ውስጥ ተወው?

ፈጥኖ የሚመጣው መልስ፤ መከራ ሁሉ የኀጢአት ቅጣት ነው የሚለው ነው። ይህንን መልስ የኢዮብ ወዳጆች በብዙ ቃል ተናግረውታል፤ በመጨረሻ ግን የተገሠጹት እነርሱ ናቸው እንጂ ኢዮብ አይደለም። ደቀ መዛሙርትም ዕውር ሆኖ ስለ ተወለደው ሰው፤ የበደለው እርሱ ነውን ወይስ ወላጆቹ ብለው በጠየቁ ጊዜ ጌታ ሁለቱንም አልተቀበለም። በሰሊሆም ግንብ ስለ ሞቱት 18 ሰዎችም፤ ከሌላው ይልቅ በደለኞች ስለ ነበሩ አይደለም ብሎ መለሰ። ጌታ ራሱ ያልተቀበለውን ክስ እኛ በሙታን ላይ ብንጽፍ ለእግዚአብሔር ጠበቃ የሆንን ይመስለናል እንጂ በእግዚአብሔር ስም ሐሰት መመስከራችን ነው።

ሁለተኛው መልስ ከዚህ የጠለቀ ነው፤ እርሱም የነጻ ፈቃድ ነገር ነው። በቅኔ ቤት የኖረ ሰው ይህን በቀላሉ ያስተውለዋል። መምህሩ ለተማሪው በየቀኑ ያለቀለትን ቅኔ ሊሰጠው ይችላል፤ ተማሪውም በቃሉ ይዞ ያለ አንዳች ስሕተት ሊያደርሰው ይችላል። ነገር ግን እንዲህ ያለው ተማሪ የሌላውን ቃል የሚያሰማ ነው እንጂ ባለ ቅኔ አይባልም። ስለዚህ መምህሩ መንገዱን ካሳየ በኋላ ዝም ይላል፤ ተማሪውም ከዛፍ ሥር ተቀምጦ ሲቆጥር ይውላል። ለመምህሩ በነገረ ጊዜ ቤቱ ይሰበራል፤ ምሥጢሩም ይፋለሳል፤ መምህሩም ያርመዋል። የመምህሩ ዝምታ ንፍገት አይደለም፤ ተማሪው የራሱን ቅኔ እንዲያገኝ የተከፈተለት ስፍራ ነው እንጂ።

በአክሲማሮስ እንደሚተረከውም፤ መላእክት በተፈጠሩ ጊዜ እግዚአብሔር ፈልገው እንዲያገኙት፤ ወድደውም እንዲያመሰግኑት ተሰወራቸው። በዚያ ጊዜ ሳጥናኤል ፈጣሪ እኔ ነኝ ብሎ ዋሸ፤ ቅዱስ ገብርኤል ግን አምላካቸውን እስኪያገኙ ድረስ ባሉበት ጸንተው እንዲቆዩ ባልንጀሮቹን አረጋጋ። የአንዱ ሐሰትና የሌላው ጽናት የተገለጡት በአንድ ሰዓት ነው። እንቢ ማለት የማይችል ፍጥረት እሺ ማለቱም ፍቅር አይባልለትም። እንግዲህ ፍቅርን የፈለገ አምላክ ለእንቢታ ስፍራ ተወ፤ ከዚያም ስፍራ ግፍና ጦርነት፤ ስርቆትና ሐሰት ገቡ። በ1965 ዓ.ም. በወሎ ዝናም መቅረቱ የሰው ሥራ አልነበረም፤ የተራበውን ሕዝብ ከዓለም ዓይን መሰወር ግን የሰው ሥራ ነበር፤ ስለዚህኛውም ፈጣሪን መክሰስ አይገባም።

ይሁን እንጂ ይህ መልስ ለሰው ክፋት ይበቃል እንጂ ለደስታ በሽታ አይበቃም። በሬው ነጻ ፈቃድ የለውም፤ በእናቱ ጀርባ ላይ እንዳለ በረኃብ የሞተውም ሕፃን ደጉንና ክፉውን ለመምረጥ ዕድሜ አላገኘም። የእርሱ ሞት ለሌላው ትምህርት ነው ብንል ደግሞ፤ እግዚአብሔርን አንዱን ልጅ ለሌላው ልጅ መማሪያ ሰሌዳ የሚያደርግ አባት እናደርገዋለን፤ ይህም ከፍቅሩ ጋር አይስማማም። ስለዚህ አንድ እርምጃ መጨመር ያስፈልገናል።

ቅዱስ ባስልዮስ በ4ኛው መቶ ዓመት እግዚአብሔር የክፉ ነገር መገኛ እንዳይደለ ባስተማረው ድርሳን፤ ክፉ ነገር ራሱን የቻለ ባሕርይ ሳይሆን የመልካሙ ጉድለት ነው ይላል፤ ዕውርነትም የብርሃን መታጣት እንጂ ሌላ ፍጥረት እንዳይደለ ሁሉ። ዓለም መልካም ሆኖ ተፈጠረ፤ ነገር ግን ፍጡር እንጂ ፈጣሪ አይደለም። መጀመሪያ ያለው ነገር ይለወጣል፤ የሚለወጥም ነገር ያድጋል፤ ይሰበራልም። ደግሞም ፍጥረት ሁሉ ጽኑ ሥርዓት ተሰጥቶታል። እንጀራ የሚጋግረው እሳት በዚያው ጠባዩ ጎጆ ያቃጥላል፤ እህሉን የሚያበቅለው ውኃም በዚያው ጠባዩ ሰው ያሰጥማል። ሠለስቱ ደቂቅ በእሳት መካከል ሳይቃጠሉ መኖራቸው ተአምር የተባለው እሳት ዘወትር የሚፋጅ ስለ ሆነ ነው። እሳት በየጊዜው ለአንዱ የሚበርድ፤ ለሌላው የሚነድ ቢሆን ኖሮ ምድጃ የሚሠራ፤ ማሳ የሚያርስ፤ በሽተኛ የሚያክም ሰው ባልተገኘም ነበር፤ ነገ የሚሆነውን ከዛሬው መማር አይቻልምና።

ይህንንም የደስታ በሽታ መጨረሻ ያስረዳናል። ያን በሽታ ያመጣው በዓይን የማይታይ ረቂቅ ተሐዋሲ ነው፤ ረቂቅ ቢሆንም ሥርዓት ነበረው፤ ሥርዓትም ስለ ነበረው ሊመረመር ተቻለ። በ1950ዎቹ ዓመታት ዋልተር ፕላውራይት የተባለ እንግሊዛዊ የእንስሳት ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በኬንያ፤ ሙጉጋ በተባለ ስፍራ፤ የተሻለ ክትባት አዘጋጀ። ከዚያ በኋላ ሙቀት የሚችል ክትባት ተሠራ፤ በ1980ዎቹም በአፋር በረሃ ከአርብቶ አደሩ መካከል የሠለጠኑ ሰዎች የወገኖቻቸውን ከብት ከተቡ። በ2003 ዓ.ም. የዓለም የምግብና የእርሻ ድርጅት ይህ በሽታ ከምድር ገጽ ፈጽሞ መጥፋቱን አስታወቀ። ከፈንጣጣ ቀጥሎ በሰው ጥረት ከዓለም የጠፋ ሁለተኛው በሽታ ይህ ነው። ክፉ ቀን ከጀመረ 123 ዓመት መሆኑ ነው። ስለዚህ ጉድለቱ ያለ መድኃኒት አልተተወም፤ መድኃኒቱ በአእምሮና በእጅ ውስጥ ተሰውሮ ነበረ፤ የኬንያውን መርማሪና የአፋሩን ከታቢ፤ እርስ በርሳቸው የማይተዋወቁትን፤ በአንድ የምሕረት ሥራ አገናኛቸው።

ነገር ግን አንባቢ ሆይ፤ በዚህ ነገሩ ተፈጸመ እንዳትለን። በ2003 ዓ.ም. የተነገረው የምሥራች በ1881 ዓ.ም. ለሞተው ሕፃን አልደረሰለትም። የልጅ ልጆቹ በሬ በደኅና ማረሱ ለእርሱ ካሳ አይሆንም። ይህን ዓለም ከሚቻሉት ዓለማት ሁሉ የተሻለ ነው ብለው የጻፉ ፈላስፎች ነበሩ፤ እኛ ግን በዚያ ሕፃን መቃብር ላይ ቆመን ይህን ለመናገር አንደፍርም። ምርመራ እስከዚህ ድረስ ያመጣናል፤ ከዚህ በኋላ ያለው በእምነት የሚያዝ ነው።

እምነታችንም የሚለው ይህ ነው። እግዚአብሔር የዓለሙን ጉድለት ከሩቅ ሆኖ አልተመለከተውም፤ ሥጋ ለብሶ ገባበት። ተራበ፤ ተጠማ፤ በወዳጁ መቃብር አጠገብ አለቀሰ፤ በመስቀል ላይም ሳለ ስለ ምን ተውኸኝ ብሎ ጮኸ። እንግዲህ እኛ በፍርሃት የምንጠይቀው ጥያቄ በጌታ አንደበት ተነግሯል፤ የሚጠይቅም ሰው ብቻውን አይደለም። ደግሞም ሙታን እንደሚነሡ እናምናለን። ትንሣኤ ባይኖር የዚያ ሕፃን ሒሳብ ከቶ አይገጥምም፤ ቃላችንን ብናበዛ፤ ምሳሌ ብንደረድርም አይሞላም። ፈጣሪ ቸር ነው የሚለው ቃላችን በሙሉ የቆመው ሥራው ገና አልተፈጸመም በሚለው ተስፋ ላይ ነው።

ይህ ከሆነ ዘንድ ጥያቄውን የሚጠይቁትን ሁለቱን ሰዎች መለየት ይገባል። አንደኛው ጠግቦ፤ ደኅና ሆኖ ይጠይቃል፤ ለእርሱ እስከ አሁን የተናገርነውን መንገር ይቻላል። ሁለተኛው ግን ልጁን ቀብሮ፤ በአመድ ላይ ተቀምጦ ይጠይቃል፤ ለእርሱ ስለ ነጻ ፈቃድና ስለ ፍጥረት ሥርዓት መተረክ በቍስሉ ላይ ጨው መነስነስ ነው። ያው ቅዱስ ባስልዮስ፤ በቂሳርያ ረኃብ በገባ ጊዜ፤ ጎተራቸውን የዘጉትን ባለጸጎች ገሠጸ፤ የራሱንም ሀብት አውጥቶ የተራቡትን መገበ። በእኛም አገር በክፉ ቀን ዳግማዊ ምኒልክ በሬ ያለቀበት ሰው ተስፋ እንዳይቈርጥ ዶማ ይዘው በገዛ እጃቸው መሬት ቈፍረዋል። ባስልዮስ የክፉ ነገርን ምንጭ በሊቅነቱ ሲመረምር እንጀራ ማደሉን አላስታጐለም፤ ምኒልክም መልሱን አግኝተው ሳይሆን ቀኑ መሽቶ ዘር እንዳያልፍ ቈፈሩ።

የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ከእርሱ ጋር በመሬት ላይ ዝም ብለው በተቀመጡ ጊዜ መልካም ወዳጆች ነበሩ፤ ስሕተታቸው የጀመረው ስለ መከራው ሊያስረዱት አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ነው። እኛም ወንድማችን ስለ ምን ይህ ሆነብኝ ብሎ ሲጠይቀን አስቀድመን አጠገቡ እንቀመጥ፤ የጐደለውንም በእጃችን ባለው እንሙላ። ሲያጽናና፤ ሲበረታ፤ ራሱ ወድዶ የጠየቀን እንደ ሆነ ያን ጊዜ እንነጋገር። ያልጠየቀን እንደ ሆነም ያደረግንለት ይበቃል።