ሕጉን ይዛችሁ ወደ ሽሮ ሜዳ ውጡ

ልጆቼ፣ ሕግ ተምራችሁ የንግድ ጠበቃ ለመሆን የምታስቡ ብዙ ጊዜ ታማክሩኛላችሁ። ጥያቄያችሁ አብዛኛውን ጊዜ ስለ ቦሌ ሕንፃዎች፣ ስለ ውጭ ኩባንያዎችና ስለ ትልልቅ ውሎች ነው። ምኞታችሁን አልነቅፍም። ሙያውን ለመልመድ ግን ከስድስት ኪሎ ተነሥታችሁ ወደ እንጦጦ በሚወስደው መንገድ ትንሽ ሽቅብ መሄድ ይበቃችኋል። ሽሮ ሜዳ ላይ ድርና ማግ አቅራቢው፣ ከጋሞ ደጋ የመጡት ሸማኔዎችና ልጆቻቸው፣ ጥለት የምታዘው ባለሱቅ፣ ልብሱን ባሕር ማዶ የሚልከው ነጋዴ ቀኑን ሙሉ ሲዋዋሉ ይውላሉ። አብዛኛው ውል በቃል ነው።

አንድ ጉዳይ ቀረብ ብለን እንይ። አንዲት ባለሱቅ ለጥምቀት የሚደርስ 50 የሀበሻ ቀሚስ አዝዛ ለሸማኔው ገንዘብ ሰጠችው እንበል። በዓሉ አለፈ፤ የደረሰላት 20 ብቻ ነው። ተናዳ ቢሯችሁ ስትመጣ አብሯችሁ የሚናደድ ጠበቃ አትሁኑ። በመጀመሪያ የሰጠችው ገንዘብ ምን እንደ ነበረ ጠይቋት። ቀብድ ከሆነ፣ ሌላ ስምምነት እስከሌለ ድረስ፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1885 መሠረት ተቀባዩ ውሉን ሲያፈርስ እጥፍ ይመልሳል፤ ሰጪዋ ብታፈርስ ቀብዷ ይቀርባታል። ከዋጋው ላይ የተከፈለ ቅድሚያ ክፍያ ከሆነ ግን ስሌቱ ይለያል። ድርና ማጉን ያቀረበው ማን ነው? ክሩ የእሷ ሆኖ ሸማኔው እጅ ከቀረ የምትጠይቀው ብር ብቻ አይሆንም። ማስጠንቀቂያስ ሰጥታዋለች? ቁጥር 1772 ውል አልተፈጸመልኝም ባዩ አስቀድሞ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ ያስገድዳል። ቀኑ ሲያልፍ ማስጠንቀቂያ ሳያስፈልግ ውሉ እንደ ፈረሰ ይቆጠራል ብለው አስቀድመው ተስማምተው ቢሆን ግን ቁጥር 1775 ይደርስላት ነበር። ያቺን አንዲት ዐረፍተ ነገር በጊዜዋ ማስገባት ነው የእናንተ ሥራ።

ይህን ሁሉ ከጠየቃችሁ በኋላ ሸማኔው ለምን እንዳልደረሰለት አጣሩ። የክር ዋጋ ጨምሮበት፣ ወይም ጥለቱ ከተባለው በላይ ጊዜ ፈጅቶበት ሊሆን ይችላል። ጥለት ሲበዛና ሲጠብ ቀሚሱ ስንት ቀን እንደሚወስድ የማያውቅ ጠበቃ ትክክለኛ የማስረከቢያ ቀን ሊጽፍ አይችልም። ለደንበኛችሁ ልደታ ፍርድ ቤት ድረስ ሄዶ ከመካሰስ ይልቅ ቀሪውን 30 ቀሚስ ለፋሲካ የሚያደርስ የጽሑፍ ስምምነት ሊጠቅማት ይችላል። ጥሩ ሸማኔ በቀላሉ አይገኝም፤ ከከሰሰችው በኋላ ደግሞ ጥለቷን አይሠራላትም።

ብድርን በተመለከተ ጠንከር ብዬ ልንገራችሁ። በዕቁብና በዝምድና የሚተማመን ነጋዴ ወረቀት መጠየቅን እንደ ስድብ ያየዋል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2472 ግን ከ500 ብር በላይ የሆነ ብድር በጽሑፍ፣ በፍርድ ቤት በተሰጠ የእምነት ቃል ወይም በመሐላ ካልሆነ አይረጋገጥም ይላል። በ1952 ዓ.ም. ሕጉ ሲታወጅ 500 ብር ትልቅ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ግን በገበያው ውስጥ የሚዞረው ብድር ሁሉ ከዚያ በላይ ነው ማለት ይቻላል። በምስክር ብዛት አረጋግጣለሁ ብሎ ባዶ እጁን ለሚመጣ ሰው ያላችሁ መልስ አጭር ነው። ስለዚህ ሰዎች ገና ሲፋቀሩ እንዲጽፉ አስተምሯቸው።

ወንድማማቾች ወይም ጓደኛሞች ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ልናቋቁም ነው ብለው አብረው ሲመጡ ደግሞ ከሁሉ በፊት ደንበኛችሁ ማን እንደሆነ ለዩ። ሁሉንም አማክራችሁ ኋላ ሲጣሉ ለአንዱ መቆም አትችሉም፤ ምስጢራቸውን ይዛችኋልና። ያን ዕለት በፈገግታ መካከል ከባዱን ጥያቄ አንሱ፦ አንዱ ልውጣ ቢል ድርሻው በምን ዋጋ ይሰላል? ቢሞትስ ወራሾቹ አባል ይሆናሉ? ማን ብቻውን ቼክ ይፈርማል? ብዙዎች ይህን ማንሣት ሟርት ይመስላቸዋል። እናንተ ግን ካላነሣችሁት ሌላ የሚያነሣው የለም።

ንባባችሁ አይቋረጥ። ፈረንሳዊው ዣን ኤስካራ ጀምሮት አልፍሬድ ዦፍሬ የጨረሰው የ1952ቱ የንግድ ሕግ ስድሳ ዓመት ሠርቶ፣ በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 ትልቁ ክፍሉ ተተካ። አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር እንዲያቋቁም የተፈቀደለት ያኔ ነው። የማጓጓዣና የኢንሹራንስ፣ እንዲሁም የሐዋላ ሰነዶችና የባንክ ሥራ መጻሕፍት ግን በአሮጌው ኮድ ውስጥ ቀርተዋል። ስለዚህ የቼክ ጉዳይ የመጣበት ጠበቃ አሮጌውን ኮድ ከጠረጴዛው ላይ አያነሣም። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ችሎት የሚሰጠው የሕግ ትርጉም የበታች ፍርድ ቤቶችን ያስገድዳል፤ የውሳኔዎቹን ቅጾች ሳያገላብጥ ምክር የሚሰጥ ሰው በደንበኛው ገንዘብ ይጫወታል። በ2017 ዓ.ም. ብቻ የውጭ ባንኮችን የሚያስገባው የባንክ ሥራ አዋጅ ወጣ፣ የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ገበያውም ሥራ ጀመረ። በአዋጅ ቁጥር 1249 ጠበቆች ተደራጅተው የጥብቅና ድርጅት እንዲያቋቁሙ ስለተፈቀደ፣ እኛ ብቻችንን የተሸከምነውን እናንተ ተከፋፍላችሁ ልትሸከሙት ትችላላችሁ። አንዱ ግብርን፣ አንዱ ግልግልን፣ አንዱ ባንክን ጠልቆ ይወቅ።

ደንበኛ «ሰው አለህ?» ብሎ ይጠይቃችኋል። ፋይል የሚያስፈጥን፣ ዳኛ የሚያውቅ ሰው ማለቱ ነው። «የለኝም» በሉ፤ ጥሎም ከሄደ ይሂድ። ለዚያ ጥያቄ አንድ ጊዜ እሺ ያለ ጠበቃ ከዚያ በኋላ የሚፈለገው በዕውቀቱ አይሆንም።

አንድ የሥራ ነገር ጨምሬ ላብቃ። ያረቀቃችሁትን ውል ለሚፈርሙት ሰዎች ጮክ ብላችሁ አንብቡላቸው፤ ሸማኔው ራሱን ነቅንቆ ዝም ካለ «እስቲ አንተ በቃልህ ንገረኝ» በሉት። ማንበብ የማይችል ከሆነ በጣት አሻራው ብቻ አትርኩ። ቁጥር 1728 ማንበብ የማይችል ሰው ፊርማም ሆነ አሻራ በውል አዋዋይ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም ይላል። በጠዋት ተነሥታችሁ ሁለቱንም ተዋዋዮች ይዛችሁ ውልና ማስረጃ ሂዱ፤ ሁለት ምስክሮችም መታወቂያቸውን ይዘው ይምጡ።