የአጥንት ከሰልና የጾመኛ ውሃ

በስምጥ ሸለቆ ያደገን ሰው ብዙ ጊዜ ጥርሱ ያሳብቅበታል። በአካባቢው ብዙ ጉድጓዶች ፍሎራይዱ የዓለም ጤና ድርጅት ካስቀመጠው የ1.5 ሚሊግራም በሊትር ልክ ያልፋል፤ ጥርስ ያበልዛል፣ ሲብስም አጥንት ያጎብጣል። የወንጂ ስኳር ልማት ሠራተኞች በአካላቸው አይተውታል። ለአዳማ የምህንድስና ተማሪ «ፍሎራይድ የሚቀንስ ማጣሪያ ንደፍ» ቢባል እንደ ፈተና ጥያቄ ሊቀበለው ይችላል፤ የሚገባው ይህን ያህል፣ የሚወጣው ያን ያህል፣ የቀረው ስሌት። በሲያትል ተመራማሪዋ ሲንቲያ አትማንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2007 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችና ነባር መሐንዲሶች የልጆች መጫወቻ ቦታ ነድፈው ነበር፤ ነባሮቹ ችግሩን በመመርመርና መረጃ በመጠየቅ ከተማሪዎቹ የበለጠ ቆይተዋል። ይህን የልምድ ጉዳይ ብቻ ነው ብሎ ማለፍ ይቻላል። እኔ ግን ከሥሩ ሌላ ጥያቄ ይታየኛል፦ ችግሩ ምን እንደሆነ የሚወስነው ማን ነው?

ስሌቱ ከሚያመጣቸው መልሶች አንዱ የአጥንት ከሰል ነው። የከብት አጥንት አየር ባነሰው ምድጃ ይከሰላል፣ ይሰበራል፣ ዕቃ ውስጥ ይሞላል፤ ውሃው በጥቁሩ ፍርፋሪ መሃል ሲወርድ ፍሎራይዱ አጥንቱ ላይ ይቀራል። ይሠራል። ነገር ግን የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋ ቤት በተለየበት አገር፣ ማን ባርኮ እንዳረደው ያልታወቀ ከብት አጥንት ያለፈበትን ውሃ፣ ያውም በሁዳዴ፣ እናት ለሽሮዋ ትጠቀምበታለች? «ከሰል ሥጋ አይደለም፤ ማስተማር ነው» የሚል ይኖራል። ኬሚስትሪው ልክ ነው። ኬሚስትሪ ግን ነገሩ ምን እንደሆነ እንጂ መጠጣቱ ምን ማለት እንደሆነ አይናገርም፤ ያንን የሚፈርዱት ቄሱና ሼኩ ናቸው፣ እነሱን መጠየቅም እንደ ውሃ ምርመራው ሁሉ የንድፉ ሥራ ነው።

ከበድ ያለው ተቃውሞ ግን ሌላ ነው፦ የልጆች አጥንት እየጎበጠ የህሊና ጥያቄ እስኪመለስ መጠበቅ ጭካኔ አይሆንም? ይሆናል፣ መጠበቅ ማለት እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ከሆነ። አሉምና ኖራ የሚጠቀመው የናልጎንዳ ዘዴ ጾም አይነካም፤ ግን በየጊዜው መመጠንና ማማሰል፣ ዝቃጩንም መድፋት ይጠይቃል፤ ይህ ሸክም ብዙውን ጊዜ የሚወድቀው በዚያችው እናት ላይ ነው። አዳማ ከተማ ደግሞ የአዋሽን ወንዝ አጣርታ ትጠጣለች፤ «ፍሎራይዱን እንዴት ላውጣ» ብሎ የጀመረ ተማሪ ጉድጓዱን ትቶ ወንዙን ለማየት ይዘገያል። የወንዙ ውሃ ቧንቧ ባልደረሰበት ቀበሌ ግን ምድጃውም አጥንቱም እዚያው ናቸው፤ አጥንቱ ከየትኛው ቄራ እንደመጣም ገና አልተጠየቀም።