ልጅዋን የምትሸሽግ እናት

በኤውሮጳ ምድር ሮማ የሚባል ሕዝብ አለ። ስሙ ከሮማ ከተማ የመጣ አይደለም፤ አባቶቹ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ከህንድ አገር ወጡ። ዛሬ ሩማንያ በምትባለው አገር ይህ ሕዝብ በኤውሮጳ አቆጣጠር እስከ 1856 ድረስ የመሳፍንት፥ የመኳንንትና የገዳማት ባሪያ ነበረ። የጌታ ስም በሚመሰገንበት ቅጥር ውስጥ ሰው እንደ ከብት መቈጠሩን ስናስብ እጅግ እናዝናለን።

ባርነቱ ቢቀርም ንቀቱ አልቀረም። ስለዚህ ከሮማ እናቶች አንዳንዶቹ ልጃቸውን፥ «ከማን ወገን እንደ ሆንህ ለሰው አትናገር» ይሉታል። እንግዲህ እንጠይቅ፤ ይህ ሐሰት ከሆነ ኀጢአቱ የማን ነው?

በቼክ አገር በኦስትራቫ ከተማ ብዙ የሮማ ልጆች የአእምሮ ድካም ላለባቸው ወደ ተሠራ ልዩ ትምህርት ቤት ይላኩ ነበር። ከእነርሱ 18ቱ አቤት ባሉ ጊዜ መንግሥት፥ ወላጆቻቸው ፈቅደዋል ብሎ ተከራከረ። የኤውሮጳ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት ግን በ2007 ለልጆቹ ፈረደ፤ የወላጆች ፈቃድ አድልዎን ሕጋዊ አያደርገውም አለ። ወላጆቹ የነበራቸው ምርጫ ልጃቸው ተገልሎ የሚናቅበት ትምህርት ቤት፥ አለዚያም ወገኖቹ ያሉበትና ትምህርቱ ዝቅ ያለው ነበረ። ሁለት ክፉ መንገድ አቅርቦ፥ «አንቺው መረጥሽ» ማለት እውነተኛ ፍርድ አይደለም።

የሙሴን እናት እናስብ። ሕፃንዋን ሦስት ወር ሸሸገችው፤ መጽሐፍም ይህን የእምነት ሥራ አድርጎ ቈጠረው። በደሉ ሕፃናትን ባስገደለው በፈርዖን ላይ ነውና። ሙሴም በቤተ መንግሥት ቢያድግ ወገኖቹን አልረሳም፤ መከራቸውን ሊያይ ወጣ።

ነገር ግን መሸሸግ ራሱ ቍስል ነው። ዝም በል የተባለ ልጅ የእናቱን ስም እንደ ነውር መቍጠር ይጀምራል። ይህን ቍስል እናት ብቻዋን ልትፈውሰው አትችልም፤ ያቈሰለው ጎረቤት ነውና መፈወሱም የጎረቤት ዕዳ ነው።

እኛስ? በደጋው አገራችን ሸክላ ሠሪዋንና የቀጥቃጩን ልጅ በክፉ ስም ስንጠራ ኖረናል። ወደ ጌታ ማዕድ ስንቀርብ ከጎናችን የቆመችው እናት የወገንዋን ስም ሳትፈራ ልትናገር ትችላለችን? የማትችል ከሆነ፥ ንስሓ የሚገባን እኛ ነን። ጌታ ልጆችን ሁሉ በስማቸው ያውቃል፤ እኛም እናቶቻቸውን እናክብር። አሜን።