አሥሩ አውታርና አንዱ አውታር

ፍሬውን እየበሉ ዛፉን የሚረግሙ ሰዎች እንዳሉ ሁሉ፥ ዜማውን እየወደዱ ዜመኛውን የሚንቁም አሉ። እንዲህ ያለው ሰው ‹‹አደነቅሁ›› ሲል ቃሉ እውነት ነውን? ሥራውን ከሠራተኛው ለይቶ ማድነቅስ ይቻላልን? ይህ ጥያቄ ለጨዋታ የቀረበ አይደለም፤ በአገራችን ስለ መሰንቆና ስለ አዝማሪ የኖረው ልማድ ሁሉ በዚሁ ላይ የቆመ ነውና። እኔም በዚህ ነገር ያለብኝን ዕዳ ሳልሸሽግ እናገራለሁ።

አስቀድሞ መደሰትንና ማድነቅን መለየት ይገባል። ማር የሚልስ ሰው ይደሰታል። ነገር ግን ንቡ ስንት አበባ እንደ ቀሰመ፥ ስንት ጊዜ ሜዳውን እንደ ተመላለሰ የሚያስብ ሰው ያደንቃል። መደሰት ከምላስና ከጆሮ አያልፍም፤ ሲያልቅ ያልቃል። ማድነቅ ግን ከሥራው ተነሥቶ ወደ ሠሪው ይሄዳል፤ ደርሶም ‹‹ይህን ያደረግህ አንተ ማን ነህ? እንዴትስ ደረስህበት?›› ብሎ ይጠይቃል። ጥያቄው የሌለበት አድናቆት፥ ስሙ እንጂ ነገሩ አድናቆት አይደለም።

የዚህ ነገር ምሳሌ በአገራችን ትውፊት ተቀምጦልናል። ማሕሌታይ ያሬድ በአክሱም በንጉሥ ገብረ መስቀል ፊት ቆሞ ሲዘምር፥ ንጉሡ በዜማው ተመስጦ የጦሩን ጫፍ በካህኑ እግር ላይ ተከለው። ንጉሡም መውጋቱን፥ ያሬድም መወጋቱን ሳያውቁ ዜማው እስኪፈጸም ቆዩ። ደሙ ሲፈስ በታየ ጊዜ ንጉሡ ደንግጦ ጦሩን ነቀለና ‹‹የምትሻውን ለምነኝ›› አለው። ያሬድም ሹመትና ሀብት አልለመነም፤ ‹‹አሰናብተኝ›› ብሎ ለመነ። ተሰናብቶም ወደዚህ ወደ እኛ አገር፥ ወደ ሰሜን ተራሮች መጣ፤ ፍጻሜውም በዚሁ እንደ ሆነ ይነገራል።

ይህን ታሪክ በልጅነታችን ስንሰማ የምናደንቀው የዜማውን ኃይል ነበር። ዕድሜዬ ሲገፋ ግን ሌላ ምሥጢር ታየኝ። ንጉሡ ያሬድን የወጋው ጠልቶት አይደለም፤ ደስ ብሎት ነው። የራሱ ደስታ ስለ ሞላበት በፊቱ የቆመው ሰው እግር እንዳለው ረሳ። እስከዚያ ድረስ የነበረው መደሰት ብቻ ነው። ደሙን አይቶ ጦሩን በነቀለና ‹‹ምን ትሻለህ?›› ብሎ በጠየቀ ጊዜ ግን ደስታው ወደ አድናቆት ተለወጠ። የተደነቀው ሰው የለመነውን ማሰናበት ባይወድም እንኳ ፈቀደለት። እንግዲህ አንባቢ ሆይ፥ እኛ ደስ ብሎን የተከልነውን ጦር መቼ ነቀልን?

በገናንና መሰንቆን ተመልከት። በገና አሥር አውታር አለው፤ አውታሩ ከበግ አንጀት የሚፈተል ነው። በአውታሩና በድልድዩ መካከል የምትገባው እንዚራ የምትባል ትንሽ ቍራጭ ቆዳ ያን ለልብ የሚናገረውን ነዛሪ ድምፅ ትሰጠዋለች። መሰንቆ ግን አውታሩ አንድ ብቻ ነው፤ ከፈረስ ጭራ ተሰብስቦ ይታሰራል፤ የሚመታበት ደጋንም እንዲሁ የፈረስ ጭራ ነው። የመሰንቆ መቺ ጣት የሚያርፍበት ሰሌዳ የለም፤ ጣቱ አየር ላይ በተወጠረው አውታር ላይ ብቻ ያርፋል። አንዲት የገብስ ፍሬ ታህል ቢስት ድምፁ ይበላሻል። ስለዚህ ባለ መሰንቆ ከአንድ አውታር ላይ ብዙውን ድምፅ የሚያወጣው በመሣሪያው ብዛት ሳይሆን በጣቱ ጥንቃቄና በጆሮው ንቃት ነው።

በመዝሙረ ዳዊት በ150ኛው መዝሙር ሁለቱ መሣሪያዎች ጎን ለጎን ተጠርተዋል፤ አንዱ ከበር ውስጥ፥ አንዱ ከበር ውጭ አልተቀመጡም። ‹‹አዝማሪ›› የሚለውም ስም የስድብ ስም ሆኖ አልተወለደም። ሥሩ በግዕዝ ‹‹ዘመረ›› ነው፤ መዝሙርና መዘምር የተወለዱበት ያው ሥር ነው። መዘምሩና አዝማሪው የአንድ ቃል ልጆች ሆነው ሳሉ አንዱን በምንጣፍ፥ ሁለተኛውን በደጃፍ ያስቀመጥነው እኛ ነን፤ ቋንቋው አይደለም።

በዘመናችን በገና ሲነሣ ቀድሞ ስማቸው የሚጠራው አቶ ዓለሙ አጋ ናቸው። በእንጦጦ ያደጉ ሲሆኑ ገና በ12 ዓመታቸው ከአለቃ ተሰማ ወልደ አማኑኤል እግር ሥር ቍጭ ብለው በገና ተማሩ። እርሳቸው ሲደረድሩ ድምፃቸው ከፍ አይልም፤ ለአንድ ሰው ብቻ በጆሮው እንደሚነግር ሰው ዝግ ብሎ ይሄዳል። በደርግ ዘመን በገና ከሬዲዮ በራቀ ጊዜ እንኳ እርሳቸው በገናውን ከእጃቸው አላስቀመጡም። በኋላም የድርደራቸው ሸክላ በባሕር ማዶ ወጥቶ፥ ቋንቋችንን የማያውቅ ሰው ሁሉ ጸጥ ብሎ የሚሰማው ሆነ። እኔም ከሚሰሙት አንዱ ነኝ።

ነገር ግን በዚህ ታሪክ ውስጥ ከሁሉ ይልቅ ልብ እንድትልልኝ የምሻው አንድ ነገር አለ። አቶ ዓለሙ በተጠሩበት ሁሉ የመምህራቸው የአለቃ ተሰማ ስም አብሮ ይጠራል። ለባለ በገና ‹‹ማን አስተማረህ?›› ብለን እንጠይቃለን። ቅኔ ለሚቀኘው ደግሞ ‹‹ቅኔውን ከማን ዘረፍህ? መምህርህ ማን ነው?›› እንላለን። ባለ መሰንቆውን ግን ማን አስተማረህ ብሎ የጠየቀ ሰው አይቼ አላውቅም። አባቱ፥ አያቱ፥ የአያቱ አባት በዚያች በአንዲት አውታር ላይ ዕድሜያቸውን እንደ ጨረሱ፥ ልጁም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ጣቱ እስኪላጥ እንደ ተማረ፥ በመካከላቸው የሚነጋገሩበት የራሳቸው ምሥጢራዊ ቋንቋ እንዳላቸው አናስብም። ከመሬት እንደ በቀለ ሣር እናየዋለን።

አሁን ዕዳዬን ልናገር። ዕድሜዬ ገና 16 ሳለ መምህሬ ልከውኝ ወደ ዋልድባ ወርጄ ነበር። ዘመኑ የጦርነት ነበርና መኪና አይገኝም፤ ስመለስ ከዛሪማ ጀምሮ ሊማሊሞን በእግሬ መውጣት ግድ ሆነብኝ። ስንቄ አልቆ፥ እግሬ ቆስሎ፥ ከአንድ ዋርካ ሥር ወድቄ ሳለሁ አንድ ሸምገል ያለ ሰው መሰንቆውን በነጠላ ጠቅልሎ ደረሰብኝ። አኩፋዳዬን አይቶ ‹‹የቆሎ ተማሪ ነህ፤ አይደለም እንዴ?›› አለኝና ከያዛት ዳቦ ትልቁን ጕማጅ ቆርሶ ሰጠኝ። ከዚያም መሰንቆውን ፈትቶ መታ። ምን እንዳለ እዚህ አልጽፍም፤ ነገር ግን በአንዲት ቃል ላይ ሰሙንም ወርቁንም አኖረ። እኔ በቅኔ ቤት ከዘጉባኤ ጀምሮ ስንት ሌሊት የደከምሁለትን ነገር እርሱ በዋርካ ጥላ ሥር እንደ ውሃ አፈሰሰው። ‹‹አያ፥ ይህን ከየት ተማሩት?›› ብዬ አልጠየቅሁትም። ገርሞኝ ዝም አልሁ። እርሱ ግን ዝምታዬን ተረድቶ ሣቅ አለና ‹‹ልጄ፥ እናንተ ስትሉት ቅኔ ይባላል፤ እኛ ስንለው ልመና ይባላል›› አለኝ።

ገደሉን አብረን ወጣን። ጉሙ ሲጋርደን በድምፁ መራኝ፤ ስደክም አኩፋዳዬን ያዘልኝ። ደባርቅ ደርሰን ተለያየን። በሦስተኛው ቀን በአንድ ድግስ ላይ ከካህናቱ ጋር ተቀምጬ ሳለሁ ያው ሰው መሰንቆውን ይዞ ገባ። ሰው ሁሉ በጨዋታው ተደሰተ፤ ግንባሩ ላይም ብር ተለጠፈለት። ምሳ ሲቀርብ ግን ከሰው ተለይቶ በበሩ አጠገብ ለብቻው ተሰጠው። እርሱም አሻግሮ አየኝና ፈገግ አለ። በአጠገቤ የነበሩት አንድ አባት ይህን አይተው ‹‹ታውቀዋለህን?›› ብለው ጠየቁኝ። እኔም ‹‹አላውቀውም›› አልሁ። ያን ጊዜ ዶሮ አልጮኸብኝም፤ የዶሮውን ድምፅ የሰማሁት ከብዙ ዘመን በኋላ ነው።

አንድ ሰው ተነሥቶ ‹‹አዝማሪው ለገንዘብ የሚያወድስ፥ በመጠጥ ቤት የሚውል፥ ትናንት ያመሰገነውን ዛሬ የሚሰድብ አይደለምን?›› ይል ይሆናል። ይህ ክርክር ሐሰት ብቻ ነው አልልም። የሚሸነግል አዝማሪ አለ። ነገር ግን ለንጉሥና ለመኰንን ውዳሴ እየተቀኘ ልብስና ርስት የተሸለመ የቅኔ ሊቅስ በታሪካችን የለምን? የእርሱን ስናነብ ‹‹ሙያው ግሩም ነው፤ ውዳሴው ግን በዝቷል›› ብለን እንለያለን እንጂ ቅኔውን ሁሉ፥ ትውልዱንም ሁሉ አንረግምም። ለአዝማሪውም ይኸው ሚዛን ይገባዋል። ክፉ ዘፈን ቢዘፍን ዘፈኑ ይነቀፍ፤ ዘሩና አጥንቱ ግን ስለ ምን ይነቀፋል?

ደግሞም ሚዛናችን ወላዋይ መሆኑን ከአንድ ሰው ታሪክ እንይ። ተሰማ እሸቴ ገና ወጣት ሳሉ በ1900 ዓ.ም. ጀርመን አገር ሆነው ድምፃቸው በሸክላ ተቀረጸ፤ ከአገራችን ሰዎች ድምፃቸው አስቀድሞ በሸክላ ከተቀረጸው አንዱ እርሳቸው ናቸው። በኋላ ነጋድራስ ተባሉ፤ ልጃቸው ይድነቃቸው ተሰማም የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን መሪ ለመሆን በቃ። እኒህን ሰው ማንም ‹‹አዝማሪ›› ብሎ ሲንቃቸው አልሰማሁም፤ ‹‹ባለ ቅኔው ነጋድራስ›› ይባላሉ እንጂ፤ መባላቸውም ተገቢ ነው። ነገር ግን ያንኑ ጥበብ የያዘ ድኻ በዳባት ገበያ ሲያልፍ ስሙ ይለወጣል። እንግዲህ የናቅነው መሰንቆውን አልነበረም፤ ድኽነቱን ኖሯል።

የአዝማሪን ክብደት ከእኛ ይልቅ ጠላት መዝኖታል። አባቶች የአገሩን ልብ ለማወቅ ሲሹ ‹‹እረኛ ምን አለ? አዝማሪ ምን አለ?›› ይሉ ነበር። ፋሺስት ኢጣልያም ይህን ተረድቶ፥ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ አዝማሪዎች እየታደኑ እንዲገደሉ ተደረገ። የሊማሊሞን ገደል ፈልፍሎ የመኪና መንገድ ያወጣውም ይኸው ጠላት ነው። ገደሉን በድማሚት የሰበረ ኃይል የፈረስ ጭራ የታሰረበትን እንጨት ፈራ! እኛ በበር አጠገብ ያስቀመጥነውን ሰው እርሱ እንደ ጦር አለቃ ቈጥሮ ገደለው። ከዚህ የሚበልጥ ምስክር አልፈልግም።

እንግዲህ እውነተኛ አድናቆት ምን ያደርጋል? አስቀድሞ ስሙን ይጠይቃል፤ ስሙ ያልታወቀ ሰው ምስጋናው ለማንም አይደርስምና። ሁለተኛም መምህሩን ይጠይቃል፤ ጥበብ ሁሉ የእጅ ቅብብሎሽ ነውና፥ አንዱን ስታከብር ከኋላው ያሉት ሁሉ ይከበራሉ። ሦስተኛም በማዕዱ ላይ ስፍራ ይሰጠዋል፤ በግንባር የተለጠፈ ብር የደስታ ዋጋ ነው፥ አብሮ መቍረስ ግን የአድናቆት ዋጋ ነው። በመጨረሻም እንደ ገብረ መስቀል ‹‹ምን ትሻለህ?›› ይለዋል፤ መልሱንም፥ ቢከብድም፥ ይሰማል። በአሥሩ አውታር ፊት ይህን ሁሉ ማድረግ አያስቸግረንም። የሚፈትነን አንዱ አውታር ነው።

ዛሬ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ በመኪና ሳልፍ ያን ዋርካ እፈልጋለሁ፤ ዋርካ ያየሁ ሲመስለኝም መኪናው ያልፋል። ጭላዳው እንደ ድሮው በገደሉ ጫፍ ሣር ይነጫል፤ ጉሙም ይመጣል፥ ይሄዳል። ያን ሰው ከዚያ ቀን በኋላ አላየሁትም፤ በሕይወት እንደማይኖርም ዕድሜው ይነግረኛል። ለብዙ ተማሪዎች ቅኔ ነግሬአለሁ፤ የመምህሮቼንም ስም አንድ በአንድ ቈጥሬላቸዋለሁ። በዚያ ቍጥር ውስጥ አንድ ሰው ጎድሎ ነበር። አሁን ግን ሲጠይቁኝ ‹‹ከመምህሮቼ አንዱ ዳቦውን ያካፈለኝ፥ አላውቀውም ያልሁት ባለ መሰንቆ ነው›› እላለሁ። ‹‹ስሙስ ማን ነበር?›› ይሉኛል። እኔም አንገቴን እደፋለሁ፤ አልጠየቅሁትም ነበርና።