ጨውና ክኒን

የወንድሜ ልጅ፣ ና ቀረብ በል። በሩን መለስ አድርግና ቡናው እስኪፈላ እናውጋ። እናትህ ትናንት እያለቀሰች መጥታ ሁሉንም ነገረችኝ። ደም ልትለግስ ሄደህ «ሄፓታይተስ ሲ ታይቶብሃል» ተባልክ። አሁን ደግሞ ጥማድ በሬዎችህን ሰቆጣ ገበያ አውጥተህ፣ ገንዘቡን «መድኃኒቱን ከህንድ አስመጣልሃለሁ» ላለህ ሰው በስልክ ልትልክ ነው አሉ። ለእናትህ መናገርህ ደግ አደረግህ፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም። በሬዎቹን ግን ገና አትንካ።

እኔ ሊቅ አይደለሁም። ሠላሳ ዓመት በጤና ረዳትነት ከዝቋላ ቆላ እስከ ደሃና ደጋ በበቅሎ የዞርኩ ሰው ነኝ። ከዚያ በፊት ደግሞ የጨው ነጋዴ ልጅ ነኝ። የምመክርህም ከሁለቱ በተማርኩት ነው፤ ከመርፌውም ከጨውም።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ይባላል። የመጀመሪያው ምርመራ ያሳየህ ሰውነትህ ቫይረሱን እንደተዋጋው ነው። ጅብ በሌሊት መጥቶ ሲሄድ ዱካው ይቀራል፤ አንተ እስካሁን ያየኸው ዱካውን ነው። ጅቡ ዛሬም በረቱ ውስጥ መኖሩን የሚነግርህ ፒሲአር የሚሉት ሁለተኛው ምርመራ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ቫይረሱ ከያዛቸው 100 ሰዎች 30 ያህሉ ያለ አንዳች መድኃኒት በ6 ወር ውስጥ ያጸዱታል። ከነዚያ መሆን አለመሆንህን ሳታውቅ በሬ ከሸጥህ፣ ለሄደ ጅብ ጥይት ገዛህ ማለት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ሄደህ ሐኪሙን አማክር፤ ምርመራው እዚህ ባይሠራ ደምህ ወዴት እንደሚላክ ይነግርሃል።

በዚያው ሁለት ነገር አስመርምር። አንደኛው ሄፓታይተስ ቢ ነው። ሁለቱ ቫይረሶች አንድ ጉበት ላይ ተጋፍተው ከተቀመጡ፣ ሲ በክኒን ሲባረር ቢ ከተኛበት ሊነሣ ይችላል፤ ሐኪሙ አስቀድሞ ማወቅ አለበት። ሁለተኛው የጉበትህ ሁኔታ ነው። ይህ በሽታ እያሳሳቀ እንደሚወስድ ውሃ ነው፤ ሳያምህ፣ ሳያከሳህ ሃያና ሠላሳ ዓመት ሊቀመጥ ይችላል። ዓይንህ ቢጫ ሆኖ ሰፈሩ «የወፍ በሽታ» ማለት እስኪጀምር የሚጠብቅ፣ ጉበቱ ከጠነከረ በኋላ ነው የሚነቃው። ሳይቃጠል በቅጠል ማለት ለዚህ ነው።

እንግዲህ ጅቡ በረቱ ውስጥ ተገኘ እንበል። ያን ጊዜ ስለ ጨው እንነጋገራለን።

አያትህ አሞሌ ይነግዱ ነበር። ጨው ከአፋር በረሃ እንደ ጡብ ተቆርጦ፣ በግመልና በአህያ ዳገቱን ወጥቶ እኛ ሰቆጣ ይራገፍ ነበር። አሞሌ የወጥ ማጣፈጫ ብቻ ሳይሆን ገንዘብም ነበር። እዚያ በረሃው ላይ ለቆራጩ ርካሽ የነበረው ጨው፣ በየኬላው ቀረጥ እየተከፈለበት ሩቅ አገር ሲደርስ ይወደድ ነበር። ጨውነቱ ግን አልተለወጠም፤ የተለወጠው ኬላው ነው።

የዚህ መድኃኒት ታሪክም የኬላ ታሪክ ነው። ሶፎስቡቪር ይባላል። አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2013 መጨረሻ ሲፈቀድ የአንዷ ክኒን ዋጋ 1,000 ዶላር ነበር። በቀን አንዷን ለ12 ሳምንት ስትውጥ 84 ክኒን ነው፤ 84,000 ዶላር። ባለቤቱ ኩባንያ ጊሊያድ በፈጠራ መብት የዘረጋው ኬላ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2014 መስከረም ግን ይኸው ኩባንያ ለህንድ መድኃኒት ሠሪዎች ፈቃድ ሰጠ፤ ለ91 አገሮች ሠርተው እንዲሸጡ። ኢትዮጵያም ከነዚያ አንዷ ናት። አብሮት የሚዋጠው ዳክላታስቪር የተባለው መድኃኒትም በዓመቱ ተመሳሳይ መንገድ ተከፈተለት። ዛሬ መንግሥታትና ድርጅቶች በጅምላ ሲገዙ የ12 ሳምንቱ ሕክምና እስከ 60 ዶላር ይወርዳል። ፋርማሲ ሄደህ በዚህ ዋጋ አገኛለሁ አትበል፤ ግን ማነጻጸሪያ ይሁንህ። ያ ሰው የጠየቀህን ገንዘብ ከዚህ አጠገብ አስቀምጠውና የኬላውን ርዝመት ተመልከት።

ስለዚህ «የህንድ ነው፣ ርካሽ ነው» ብለህ አትናቅ። ጀነሪክ ማለት ያው ጨው፣ ኬላው የተነሣለት ማለት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የመድኃኒትን የገበያ ስም ግን ነጋዴ ነው የሚያወጣው። በኽምጣኛም ተናገረው በአማርኛ፣ የማይለወጠውን ስም ፈልግ። ብልቃጡ ላይ በትንሽ ፊደል «ሶፎስቡቪር 400 ሚሊግራም» የሚለው እሱ ነው። ሐኪሙም የሚጽፍልህ በዚያ ስም ነው።

ርካሽን አትፍራ ስልህ ግን ማንንም እመን ማለቴ አይደለም። አንተ ጨው፣ ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ ያለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል። ጨው በምላስ ይታወቃል፤ ክኒን ግን በምላስ አይታወቅም፤ ድንጋዩም ጨውም አንድ መልክ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ2017 ጃፓን ውስጥ፣ ናራ በሚባል አውራጃ፣ ሃርቮኒ የተባለው የዚሁ በሽታ መድኃኒት ሐሰተኛ ብልቃጥ ፋርማሲ ድረስ ገብቶ ተገኝቷል። ያ የጃፓን ፋርማሲ ነው፤ የአንተ ሰው ደግሞ ሱቅ የለውም፣ አድራሻ የለውም፣ ያለው የስልክ ቁጥር ብቻ ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ እንዳትሆን። ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየውን በሬ ታውቀዋለህ፤ የአንተዎቹም ሲሸጡ እንደዚያ እንዳይሆኑ።

አያትህ ጨው ሲገዙ ሁለት ነገር ያያሉ፤ አሞሌው አለመሰበሩንና ሻጩ የማን ልጅ መሆኑን። አንተም እንዲሁ አድርግ። የሐኪም ማዘዣ ያዝ። ከዚያ እዚሁ አገር መኖሩን ጠይቅ፤ ባሕር ዳር ወይም ደሴ ለሚማር ዘመድ ደውል፣ አዲስ አበባ ያለው የአክስትህ ልጅ የከነማንና የቀይ መስቀልን ፋርማሲዎች ይጠይቅ፣ ሐኪሙም የጉበት ክፍል ያለውን ሆስፒታል ይጠቁምህ። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው እንዳይሆን፣ አገር ውስጥ ያለውን ባሕር ማዶ አትፈልግ። መድኃኒቱ በኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን የተመዘገበ መሆኑን ፋርማሲስቱን ጠይቅ፤ መጠየቅ ድፍረት አይደለም።

እዚህ ጠፍቶ ከውጭ ማምጣት ግድ ከሆነ ደግሞ በዘመድ እጅ ይሁን፤ እሱም ከታወቀ ፋርማሲ፣ በማዘዣ፣ በደረሰኝ ይግዛው። ስለ አስገባቡ አስቀድማችሁ ባለሥልጣኑን ጠይቁ። ክኒኑን ከብልቃጡ አውጥቶ በፌስታል እንዳይቋጥር ንገረው። ሲደርስህ ማኅተሙን፣ የምርት ቁጥሩን፣ የመጠቀሚያ ጊዜውን አይተህ፣ ሳትከፍተው ለፋርማሲስቱ አሳይ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች፤ የፈሰሰ ጤና ግን አይለቀምም።

መዋጥ ስትጀምር ቀኑን ቁጠር። በየዕለቱ በአንድ ሰዓት፣ ሐኪሙ እስካለው ቀን ድረስ፤ ጉበቱ ለጠነከረ ሰው ከ12 ሳምንት ሊረዝም ይችላል። በአምስተኛው ሳምንት ደህና ነኝ ብለህ የተረፈውን ለጎረቤት አታካፍል፤ ግማሽ ሕክምና ለሁለት ሰው አይበቃም። ጾምህን ጹም፤ ይህ ክኒን ከምግብ ጋርም ያለ ምግብም ይዋጣል። ጠበልህንም ጠጣ፣ ክኒኑንም ዋጥ፤ ሁለቱን ማን አጣላቸው? አረቄውን ግን ተው። የሳንባ ነቀርሳ፣ የሚጥል በሽታ ወይም የልብ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ አስቀድመህ ተናገር፤ አንዳንዶቹ ከዚህ ጋር አይስማሙም። ስትጨርስ ደግሞ ከ12 ሳምንት በኋላ ተመልሰህ ደምህን አስመርምር። ያኔ ቫይረሱ ካልታየ ድነሃል፤ ከ100 ሰው ከ95 በላይ የሚሆነው ይድናል። ክትባት ግን የለውም፤ የዳነ ሰውም ዳግም ሊያዝ ይችላል።

ይህ በሽታ በጉርሻ አይተላለፍም፤ ልጆችህን አቅፈህ ሳም፣ ከሚስትህ ጋር ከአንድ ገበታ ብላ። የሚተላለፈው በደም ነው። ምላጭህን ለብቻህ አድርግ። በዋግምት ደም የሚያወጣ፣ እንጥል የሚቆርጥ፣ ድድ የሚነቅስ ሰው ለሁሉም አንድ ስለት ይዞ ሲመጣ ከደጅህ መልሰው።

እዚህ ላይ የራሴን ልንገርህ። ግብፆች እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ጀምረው ቢልሃርዚያን ለማጥፋት በመርፌ ዘመቻ ወጡ፤ በደንብ ያልተቀቀለ መርፌ ከክንድ ክንድ እየዞረ ይህን ቫይረስ በሚሊዮኖች ደም ውስጥ ዘራው። ኋላ እ.ኤ.አ. በ2018 እና 2019 ወደ 50 ሚሊዮን ሰው መረመሩ፤ ከዚያ በፊትና በኋላ የታከሙትን ጨምሮ፣ በአብዛኛው በጀነሪክ መድኃኒት ከ4 ሚሊዮን በላይ ሰው አከሙ። በመርፌ የገባውን በክኒን አወጡት። ይህን ስሰማ የራሴ ብረት ድስት ትዝ ይለኛል። እኔም በወጣትነቴ የመስታወት መርፌ እቀቅል ነበር። ማገዶ ሲያንስ፣ ሰልፉ ሲረዝም፣ ውሃው ሳይንተከተክ ያወጣሁበት ቀን አልነበረም ብዬ አልምልም።

በል ቡናህን ጠጣ። በሬዎቹ ነገም ያርሳሉ። ማለዳ ሆስፒታል አብሬህ እሄዳለሁ፤ አንተ ክንድህን ስትሰጥ እኔም እሰጣለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ለዚህ በሽታ አንድ ቀን ተመርምሬ አላውቅምና።