ያልጠረጠረ ተመነጠረ? በዝናባማው የስኮትላንድ መንገድ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን ተረት የማያውቅ ሐበሻ የለም። ቤት የሚያከራይ ይለዋል፤ ዕቁቡን የተበላ ይለዋል፤ ልጁን ወደ ዐረብ አገር የሚሸኝ አባትም ይለዋል። ተረቱ በማይጠረጥረው ላይ ቁርጥ ያለ ፍርድ ይሰጣል። ሁሉን የሚጠረጥረውስ መጨረሻው ምን ሆነ? እሱን አያነሣም። ጥያቄውን ይዞ ለመዞር ስኮትላንድ ጥሩ አገር ነው፤ በየሐይቁ ዳር የቆመው ግንብ ሁሉ የጥርጣሬ ልጅ ነውና።

ከግላስጎው ተነሥተን በሎክ ሎመንድ ሐይቅ ዳር ወደ ሰሜን ስንነዳ ዝናቡ ተቀበለን። የእኛ ክረምት ጠቁሮ፣ አጉረምርሞ፣ አስጠንቅቆ ነው የሚያወርደው። የዚያ አገሩ ካፊያ ሆኖ ይጀምርና ሳይጠናም ሳያባራም ይውላል። በምዕራቡ ተራራማ ክፍል በዓመት ከ3000 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንብበት ቦታ አለ፤ አዲስ አበባ 1200 ገደማ ነው። የአገሩ ሰው ፀሐይ ወጥታም የዝናብ ልብሱን አያወልቅም። እስከዚህ ድረስ ተረቱ ልክ ነው፤ የበሰበስነው እኛ ነን።

ግሌንኮ ሸለቆ ስንደርስ ደመናው ተራሮቹን እስከ ወገባቸው ውጧቸዋል። እዚህ እ.ኤ.አ. በ1692 የክረምቱ ብርድ በጠናበት ወር 120 ያህል የንጉሥ ዊሊያም ወታደሮች የማክዶናልድ ጎሣን አሳድሩን አሉ። የጎሣው አለቃ ለንጉሡ መሐላ የፈጸመው ከቀነ ገደቡ ጥቂት ቀን ዘግይቶ ነበር። የወታደሮቹ አዛዥ ከካምቤሎች ወገን፣ የባላንጣ ዘር ነው፤ ቢሆንም የእህቱ ልጅ ለአለቃው ልጅ ተድራ ነበርና ባዕድ አይባልም። የመጣን እንግዳ መመለስ ነውር ነው፤ አስገቧቸው። ሁለት ሳምንት ለሚጠጋ ጊዜ አብረው በሉ፣ ጠጡ፣ ካርታ ተጫወቱ። የካቲት 13 ገና ሳይነጋ እንግዶቹ ባለቤቶቹን መግደል ጀመሩ። 38 ያህል ሰው አለቀ፤ ወደ ተራራው የሸሹ ሴቶችና ሕፃናትም በበረዶው ሞቱ። የአለቃው ልጆች ግን ሌሊት የወታደሩ ሁኔታ ከንክኗቸው ስለነበር አመለጡ።

ተረቱ አሸነፈ? እኔ አይመስለኝም። ጥፋቱን የሚጭነው በማን ላይ እንደሆነ ልብ በሉ፤ በተመነጠረው ላይ ነው። የስኮትላንድ ሕግ በተቃራኒው አምኖ ያስጠጋን ሰው መግደልን ከተራ ግድያ የከፋ ወንጀል አድርጎ ለብቻው ሰይሞት ነበር። በ1695 የአገሩ ፓርላማ ድርጊቱን ግድያ ነው ብሎ ፈረደ። የተቀጣ ሰው ግን የለም። ያም ሆኖ ዛሬ በሸለቆው ባለ አንድ ማደሪያ ቤት «ካምቤሎች አይገቡም» የሚል ማስታወቂያ ለቀልድ ተሰቅሏል። የሚታማው ያመነው ሳይሆን የከዳው ነው።

ከዚያ 37 ኪሎ ሜትር ወደሚረዝመው ሎክ ኔስ ወጣን። ሁሉም ጎብኚ አውሬ ይኖር ይሆን እያለ ማዕበሉን ይጠረጥራል፤ እኔ ግን ያየሁት ኡርኳርት ግንብን ነው። በዚያው በ1692 ለቅቀው የሚወጡት የመንግሥት ወታደሮች «ጠላት ይጠቀምበታል» ብለው በገዛ ባሩዳቸው አፈረሱት። የበሩ ማማ ስብርባሪ ዛሬም ሣሩ ላይ ወድቆ ዝናብ ይመታዋል። ጠርጥረውም ተመነጠረ ማለት ይህ ነው።

ስንመለስ በላርበርት በኩል መጣን። የጀምስ ብሩስ አገር ነው። ብሩስ በ1770 ጎንደር ገብቶ፣ ግሽ ዓባይን አይቶ፣ መጽሐፈ ሄኖክን በግእዝ ይዞ ወደ አውሮፓ የተመለሰ ሰው ነው። አገሩ ሲገባ ስለ ሐበሻ የተናገረውን ብዙዎቹ ውሸት ነው አሉት፤ ታዋቂው እንግሊዛዊ ደራሲ ሳሙኤል ጆንሰን እንኳ ተጠራጠረው። ሰዎቹ ጠርጥረው ከመታለል ተረፉ እንዳንል፣ የቀረባቸው እውነቱ ነው። አብዛኛው ቃሉ ልክ እንደነበር በኋላ የሄዱ መንገደኞች መሰከሩ፤ እሱ ግን በ1794 እንግዳ ሊሸኝ ሲወርድ ከቤቱ ደረጃ ወድቆ ሞቶ ነበር። መቃብሩ ላርበርት ቤተ ክርስቲያን ግቢ ነው። በስተርሊንግ በኩል የምታልፉ ሐበሾች፣ ቢዘንብም ወረድ ብላችሁ እዩት።