«ነገ ኢንሻአላህ!»

«ጥናት መቼ ትጀምራለህ?» ሲባል «ነገ ኢንሻአላህ» የማይል ስንቱ ነው? ቃሉስ የተከበረ ነው። በሱረቱል ከህፍ (18፡23-24) ነገ እሠራዋለሁ የምንለውን ሁሉ ከአላህ ፈቃድ ጋር እንድናያይዝ ታዘናል። ትእዛዙ ግን ሊሠራ ለተነሣ ሰው ነው። ላለመሥራት የቆረጠ ሰው የአላህን ስም መሸሸጊያ ማድረጉ ነውር ነው። ዑለማዎች በሽታውን «ተስዊፍ» ይሉታል፤ አደርጋለሁ እያሉ ዕድሜን መግፋት ማለት ነው።

ነገሩ ስንፍና ብቻ አይደለም። ተማሪው የከበደውን ደብተር ሲገልጥ ጭንቀት ይይዘዋል፤ ከጭንቀቱ ሸሽቶ ሞባይሉን ይከፍታል። (ሞባይል ባልነበረበት ዘመንም ወሬ ነበር።) ለጊዜው ይቀለዋል፤ ፈተና ሲደርስ ግን ጭንቀቱ በእጥፍ ይመለሳል። ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ደግሞ የመውጫ ፈተና መጥቷል። የዓመታት ትምህርት በአንድ ሌሊት ቡና አይሸፈንም፤ በሬ ሸጦ የላከ አባትም ውጤት ይጠብቃል።

ሶላት በወቅት የተወሰነ ግዴታ ነው (አን-ኒሳእ 103)። ከሞቀ አልጋ ተነሥቶ ሱብሒን የሚሰግድ ወጣት «ራሴን መግዛት አልቻልኩም» ቢል ማን ያምነዋል? ጥናቱንም ከሶላቱ ጋር ያያይዘው፦ ከዐስር በኋላ፣ ቤተ መጻሕፍት፣ ሦስት ገጽ። መቼና የት እንደሚሠራ የወሰነ ሰው «እሞክራለሁ» ከሚለው ይልቅ እንደሚፈጽም የሥነ ልቦና ተመራማሪዎችም ፈትነው አይተዋል። ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) አላህ ዘንድ ይበልጥ የተወደደው ሥራ ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተረው መሆኑን አስተምረዋል (ቡኻሪና ሙስሊም)። ሦስቱ ገጽ ሲያልቅ አራተኛው ላይ ምልክት ያድርግና «ነገ ኢንሻአላህ» ይበል።